የጨፋው ግቢና አሥር ኩንታል ሲሚንቶ

ነሐሴ ውስጥ ነው። ከከሚሴ ከተማ ዳር፣ ወደ ቦርከና በሚያወርደው በኩል፣ አንድ አባት ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ በጨለማ ከቤት ይወጣሉ። ከበሩ እስከ ውሃው በርሜል ያለው መንገድ አሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። መሃል ላይ ሲደርሱ ጥቁሩ ጭቃ አዳለጣቸውና በጎናቸው ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ ከረሙ፤ ከዚያ በኋላም ያለ ሰው ድጋፍ ግቢ መውጣት ፈሩ።

ወሬው በማግስቱ ሪያድ ገባ። ልጃቸው ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በኢሞ ደውላ እናቷን አገኘቻቸው።

«እማ፣ ግቢውን አርማታ አስደርጉት። ብሩን እኔ እልካለሁ።»

«የአንቺን ጉልበት መሬት ላይ አላፈስም ልጄ። መሬት እኮ መሬት ነው።»

«አባ ሁለተኛ ቢወድቅስ?»

እናትየው መልስ አልነበራቸውም። ክርክሩ ግን በስልኩ አላበቃም። የልጅቱ አጎት ገንዘቡ ከመጣ ሁለት ጥጃ ይገዛበት አለ። ጎረቤት «በዚህ ዘመን መሬት ላይ የማይነሳ ነገር ይሠራል እንዴ? ነገ ምን እንደሚመጣ በምን ይታወቃል?» ብሎ ተገረመ። ለዋጋ የተጠራው ግንበኛ ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር ሙሉው ግቢ ሊሾ ይሁን፣ አንዴ ተሠርቶ ይገላገሉት ሲል መከረ።

ስማቸው ይቅር። ይህ ክርክር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ፣ ከሐርቡ እስከ ባቲ፣ አረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በባዕድ አገር ጉልበት የተገኘ ብር ምን ላይ ይዋል? ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፣ በሩ ብረት ሆኗል። ግቢው ግን አሁንም ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። ግቢን አርማታ ማድረግ ቅንጦት ነው ወይስ ቁም ነገር? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። የአምስት ዓመት ደመወዝ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም።

የመሬቱ ጠባይ

መልሱ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ጨፋ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከደሴ አካባቢ የሚነሳው ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደዚህ ሜዳ ሲገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይተኛል፣ ረግረግ ይሠራል። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብታቸውን ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው፤ ሣሩም ውሃውም እዚያ አለና። ለከብት በረከት የሆነው ይኸው ውሃ የሚያዝ አፈር ለቤት ግቢ ፈተና ነው።

ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ ጫማ የሚያወልቀው ጭቃ ጥር ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል። ይህን ያላወቀ ሰው የሠራው አጥር ያዘማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ያሰራው ሊሾም በሁለተኛው ክረምት ይፈነዳል። «ሲሚንቶ እዚህ አገር አይበረክትም» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይበረክተው ሲሚንቶው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ያልተነካ አፈር ነው።

ሌላም ነገር አለ። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ጫፍ ነው። በ1953 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በካራ ቆሬ ዙሪያ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል፣ ካራ ቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። ሽማግሌዎች ያንን ዓመት ዛሬም ያነሱታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደቡብ፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ፣ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ ከርማለች። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ምድር እንደምትንቀሳቀስ አምኖ መሠራት አለበት።

አማራጩ ምንድን ነው?

ግቢን ለማልበስ ከአርማታ ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ነባሩ መንገድ እበት ነው። አፈሩ ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል፣ በእበት ይለቀለቃል። ርካሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በበጋ ደስ ይላል። ግን ክረምት ሲገባ ያበቃል። በየሳምንቱም መታደስ አለበት። የሚያድሰው ማነው? የቤቱ ሴት ልጅ ናት። ዛሬ ሪያድ የሰው ወለል የምትወለውለው ልጅ፣ በልጅነቷ በየሐሙሱ የዚህን ግቢ እበት የምትለቀልቀው እሷ ነበረች። «አርማታ አስደርጉት» ስትል አባቷን ብቻ አስባ አልነበረም። ተራው አሁን የታናሽ እህቷ መሆኑን ታውቃለች።

ጠጠር ማፍሰስ ሁለተኛው አማራጭ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነው። በሁለተኛው ዓመት ጥቁሩ አፈር ጠጠሩን ውጦ ይጨርሰዋል። እህል አይሰጣበትም፣ ሽማግሌ በከዘራ አይሄድበትም፣ ሕፃን አይድህበትም።

ኮብልስቶን ሦስተኛው ነው። ከድሬዳዋ ተነስቶ በየከተማው የተስፋፋው ይህ ሥራ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል። ከተበላሸ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል፣ ውሃም በመሃሉ ያሰርጋል። ለመንገድ አርማታን ሊያስንቅ ይችላል። ለቤት ግቢ ግን ፊቱ ወጣ ገባ ነው፤ ማሾ ቢሰጣበት እህሉ በየስንጥቁ ይቀራል፣ ለአረጋዊ እግርም አይመችም። ጥሩ ጠራቢና ጥሩ አንጣፊም በየቀበሌው አይገኝም።

ሴራሚክና ታይልስ የሚመርጡም አሉ። ያምራል። ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል፣ ጥቁር አፈር ላይም አንድ በአንድ ይነሳል። ሳይወድቁ ውዱእ ለማድረግ ለሚፈልጉ አባት የሚያንሸራትት ሴራሚክ ማንጠፍ ጭቃውን በሌላ ጭቃ መለወጥ ነው።

አርማታ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። ፊቱ ገና እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ ቢጫር ሸካራ ሆኖ ይደርቃል፤ እግር ይይዛል። ቅርጹ እንደ ግቢው ይሆናል፤ ጥጉም ክቡም ይሞላል። በደንብ ከተሠራ ደግሞ ከመጥረግና ከማጠብ ሌላ ሳይጠይቅ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያገለግላል። የእበቱ ዋጋ በየሳምንቱ የሚከፈል ነው፤ ከፋይዋ ሴት ስለሆነች ግን ማንም አይቆጥረውም።

ጥቅሙ ከጫማ በላይ ነው

በጨፋ ግቢ ማለት መቀመጫ ብቻ አይደለም። ግማሽ አውድማ ነው። ማሽላው፣ በቆሎው፣ በርበሬው፣ ማሾው ከመጋዘን በፊት ግቢ ላይ ይሰጣል። ማሾ ደግሞ ለዚህ አካባቢ ተራ እህል አይደለም፤ ወደ ውጭ ገበያ የሚሄድ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው። አፈርና ጠጠር የተቀላቀለበት ማሾ ነጋዴው ፊት ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል፤ ወይም ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ሲያበጥሩና ሲለቅሙ ይውላሉ። እርጥብ አፈር ላይ የተሰጣ እህል ደግሞ ከሥሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ እህል ይሻግታል። ንጹሕ አርማታ ላይ የተሰጣ እህል ቶሎ ይደርቃል፣ ተጠርጎ ይነሳል።

ከዚያ ቀጥሎ ጤና አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ ዓለም የሚጠቅሰው ምስክር ከሜክሲኮ የመጣ ነው። የኮዋዊላ ግዛት በ2000 እ.ኤ.አ. «ፒሶ ፊርሜ» በተባለ ፕሮግራም የድሆችን ቤት የአፈር ወለል በሲሚንቶ መተካት ጀመረ። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ፕሮግራሙ የደረሳቸውን ቤተሰቦች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። የአፈር ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሲተካ በሕፃናት ላይ የአንጀት ጥገኛ ትላትል በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። የወስፋት እንቁላል የሚኖረው በአፈር ውስጥ ነው፤ የሚድህ ሕፃን ደግሞ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል።

ያ ጥናት የቤት ውስጥ ወለልን እንጂ ግቢን አልለካም። ቁጥሮቹን እንዳሉ አንስቶ ለግቢ መስጠት ስህተት ነው። እንዲያውም የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ገና አፈር ከሆነ፣ ከግቢው በፊት ሳሎኑ ይቅደም። ነገር ግን የከሚሴ ሕፃን ቀኑን የሚያሳልፈው ከቤት ውጭ ነው። ዶሮውም፣ ፍየሉም፣ የልብስ እጣቢውም እዚያው ነው። በደጃፍ ላይ የሚታጠብ ንጹሕ ቦታ መኖሩ ትርጉም አለው።

ወባም አለ። ጨፋ የወባ አገር ነው። የወባ ትንኝ ጥልቅ ባሕር አትፈልግም፤ የከብት ኮቴ የሠራው ጉድጓድ ውሃ ካቆረ ይበቃታል። በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ተዳፋት ኖሮት የተሠራ አርማታ ውሃ አያቁርም። ተዳፋት የሌለው አርማታ ግን ከአፈሩ የባሰ ነው፤ አፈር ቢያንስ ይመጣል።

ማኅበራዊ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ሠርግ ሲሆን፣ ሐዘን ሲመጣ፣ ሰደቃ ሲደገስ ድንኳን የሚተከለው ግቢ ላይ ነው። በክረምት የሞተ ሰው ቤት ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ሰሌኑ በጭቃ እንዴት እንደሚርስ ያውቃል። የአንዱ ቤት ደረቅ ግቢ ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል።

የተቃዋሚዎቹ እውነት

አጎትየው ግን ሞኝ አይደለም። «ሁለት ጥጃ ይገዛበት» ሲል ጥጃ ይወልዳል፣ ይሸጣል፤ አርማታ አይወልድም ማለቱ ነው። ሲሚንቶም ርካሽ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ዋጋው ሲሰቀልና ሲወርድ፣ መንግሥትም ስለ ስርጭቱና ስለ ዋጋው ደጋግሞ መመሪያ ሲያወጣና ሲለውጥ ታይቷል። በመስከረም 2017 በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ይዞ መጣ፤ ተስፋም ሰጠ። ከፋብሪካ በር እስከ ከሚሴ ሱቅ ድረስ ግን ትራንስፖርት አለ፣ ደላላ አለ፣ የመንገድ ጸጥታ አለ። ዋጋው የሚወሰነው በፋብሪካው ብቻ አይደለም።

ሙቀቱም እውነት ነው። ቆላ ላይ ሙሉ ግቢ አርማታ ማድረግ ምጣድ መጣድ ነው። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋል። ግንበኛው «ከአጥር እስከ አጥር» ሲል በካሬ ስለሚከፈለው ነው። የቤቱ ሰዎች ግን ሚያዝያ ላይ መቀመጫ ያጣሉ። ለጥላ የቆመውን ኒም ወይም ማንጎ ቆርጦ አርማታ ማፍሰስ ደግሞ ግቢውን መግደል ነው።

ጎርፍም አለ። ስሌቱ ቀላል ነው። በ30 ካሬ ሜትር አርማታ ላይ በአንድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 1,200 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስድሳ ጀሪካን ማለት ነው። አፈሩ ቢሆን ከፊሉን ይጠጣው ነበር። አሁን የት ይሂድ? ወደ ጎረቤት አጥር ከተለቀቀ፣ ግቢው የተሠራበት ዓመት ከጎረቤት ጋር ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዓመት ይሆናል። በየቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የውሃ መውረጃ ክስ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

የዓለምም ጉዳይ አለ። ከዓለም የካርቦን ልቀት ውስጥ 8 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከሲሚንቶ ምርት ነው። የከሚሴ አንድ ግቢ ዓለምን አያሞቅም፤ ዕዳውም በዋናነት የእነዚህ አባት አይደለም። ቢሆንም የማያስፈልግ ካሬ ላይ ሲሚንቶ አለማፍሰስ ለኪስም ለአየርም ይበጃል።

እነዚህ ሁሉ ተቃውሞዎች ተደምረው «አይሠራ» አይሉም። የሚሉት «ሁሉም አይሠራ፣ የሚሠራውም በልኩ ይሠራ» ነው።

ልኩ ምንድን ነው?

ከበሩ እስከ ውሃው፣ ከውሃው እስከ መጸዳጃው ያለው መንገድ፣ በዚያ ላይ ድንኳን የሚተከልበትና እህል የሚሰጣበት አንድ ሰፊ ቦታ። ለዚህ ቤት 30 ካሬ ሜትር በቂ ሆኖ ተገኘ። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሦስት ሜትር ኪዩብ አርማታ ይፈልጋል፤ አሥር ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ማለት ነው። ግንበኛው ከአጥር እስከ አጥር ብሎ ከገመተው ግማሽ አይሞላም።

ሊሾና አርማታ አንድ አለመሆናቸውንም ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው «ሲሚንቶ አሠራሁ» የሚለው አፈር ላይ የተለሰነ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊሾ ነው። ርካሽ ነው፣ ሲያልቅ ያብረቀርቃል፣ በዓመቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል። ገንዘብ መሬት ላይ ፈሰሰ ከተባለ የሚፈሰው በዚህ ነው።

በጥቁር አፈር ላይ ዋናው ሥራ ከሲሚንቶው በፊት ያለው ነው። አፈሩ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይወጣል። በምትኩ የማያብጥ አፈር፣ ግንበኞች ሰሌክት የሚሉት፣ በየንብርብሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። በላዩ ድንጋይ ይደረደራል፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል። ይህ ሥራ ከመሬት በታች ስለሆነ ማንም አይቶ አያደንቀውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። ባለቤቱ ቆሞ ማየት ያለበትም ይህንን ቀን ነው። የአርማታውን ቀን ጎረቤትም ያየዋል።

አሸዋው መፈተን አለበት። ከወንዝ የወጣ አሸዋ ደለል ይዞ ይመጣል። ፈተናው ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ አድርጎ መናጥና ማሳደር ብቻ ነው። ጠዋት ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከታየ ያ አሸዋ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሲኖትራኩ ቢያጆውን ገልብጦ ከሄደ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ናሙናው አስቀድሞ ይምጣ።

ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው። በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ይሰፈር። ትልቁ ወንጀል የሚሠራው በውሃ ነው። ሠራተኛ ውሃ ማብዛት ይወዳል፤ ቀጭን አርማታ ለመግፋት ይቀላል። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ከሩብ፣ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ከዚህ በላይ የተጨመረ ውሃ ሲተን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ አርማታውም ይደክማል።

በየሁለት ሜትር ተኩሉ ጆይንት ይተው። አርማታ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ጆይንት ማለት «ከተሰነጠቅህ እዚህ ተሰንጠቅ» ብሎ ቦታ መስጠት ነው። ከቤቱ ግድግዳ ጋርም መጣበቅ የለበትም። ምድር ስትንቀሳቀስ ቤቱ ለብቻው፣ ግቢው ለብቻው ይንቀሳቀስ። ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፌሮ በመረብ ቢታሰር ስንጥቁን አያስቀረውም፤ ሲሰነጠቅ ግን ቁራጮቹ ከፍና ዝቅ እንዳይሉ ይይዛቸዋል። ተዳፋቱ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የሚወርደውም ከቤቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ቦይ እንጂ ወደ ጎረቤት አይሁን።

የሚፈስበት ሰዓት ወይ ማለዳ ነው ወይ ከአሥር ሰዓት በኋላ። በቀትር የፈሰሰ አርማታ ፊቱ ሳይጠነክር ይደርቃል። ከዚያ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ውሃ ማጠጣት ማለት ኩሬ መሥራት አይደለም። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ፣ በተለይ ለግንባታና ለቤት በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ መራባት ትወዳለች። ስለዚህ አርማታው በጆንያ ተሸፍኖ ጆንያው ይርጠብ። በርሜሉና ሮቶውም ይከደን። ወባን ለመሸሽ ተጀምሮ ወባን መጋበዝ የለም።

«ነገ ምን ይመጣል?»

የጎረቤቱ ጥያቄ ግን በጆይንትና በተዳፋት አይመለስም። ይህ ሸለቆ ያየውን አይቷል። በ2013 ዓ.ም. አጎራባቿ አጣዬ ስትቃጠል፣ ከዚህም ከዚያም ሰው ሲሞትና ሲሰደድ ሁለቱም ወገን አልቅሷል። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ። ከተማዋ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በዚያው ሁኔታ ቆየች። ከዚያ ወዲህም መንገዱ የተከፈተበት ቀን አለ፣ የተዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ ሰው የሚነሳ ነገር ይመርጣል። ወርቅ በኪስ ይያዛል፣ ከብት ይነዳል፣ ብር በስልክ ይላካል። አርማታን ማን ተሸክሞት ይሸሻል?

ይህ ፍርሃት ሊናቅ አይገባም። ግን ሒሳቡ ሲታይ ሙሉ አይደለም። ከብትም ይዘረፋል፤ ብርም ዋጋው በየዓመቱ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኚያ አባት ወደየትም የሚሸሹ ሰው አይደሉም። በዚያ ጥቅምት ልጆቹ ሲበተኑ እሳቸው ቤታቸው ቀርተዋል። የሚኖሩት እዚያ ነው፣ የሚወድቁትም እዚያ ነው። ሰው «ነገር እስኪረጋጋ» ብሎ ግቢውን በጭቃ ካቆየ፣ ያ መረጋጋት እስኪመጣ በየክረምቱ አንድ አረጋዊ ይወድቃል፣ አንዲት ታዳጊ በየሳምንቱ እበት ትለቀልቃለች።

በሌላ በኩል «ሁሉንም አፍስሱት» የሚለውም ልክ አይደለም። የልጅቱ ገንዘብ የልጅቱ ነው። ከአረብ አገር ስትመለስ ባዶ የባንክ ደብተርና ያማረ ግቢ ያገኘች ሴት በየከተማው አለች። ቤተሰብ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ ሲጀመር እያንዳንዱ ጥሩ ነገር ሌላ ጥሩ ነገር ይጠራል። አርማታው በረንዳ ይጠራል፣ በረንዳው ቀለም ይጠራል። የላከችው ሰው ግን የምትመለስበት ቀን አላት፤ ያን ቀን የሚቆያት ነገር ያስፈልጋታል።

እናትየው በመጨረሻ የወሰኑት እንዲህ ነው። ሥራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ተጀመረ። 30 ካሬው ተቆፈረ፣ ተደለደለ፣ ፈሰሰ። ኒሙ በቦታው ቀረ፤ ሥሩ ውሃ እንዲያገኝ ዙሪያው አንድ ሜትር አፈር ተተወለት። የተቀረው ግቢ ለዶሮውና ለጎመኑ አፈር እንደሆነ ቆየ። የዝናቡ ውሃ በቦይ ተመርቶ የጎመኑ መደብ ውስጥ ይገባል። ግንበኛው ገና ብዙ ካሬ እንደቀረ ሲናገር «እሱ የልጄ ነው» ብለው ዝም አሰኙት። የተረፈው ብር በእሷ ስም ባንክ ገባ። አጎትየው አንድ ጥጃ እንኳ ይገዛ ሲል ደግሞ «ስትመጣ ራሷ ትግዛ» አሉት።

በስምንተኛው ቀን ጆንያው ተነሳ። ታናሽ እህትየው ስልኩን ይዛ ወጣች፤ ኢሞው በርቷል። አባትየው ከበሩ ወጥተው ከዘራቸውን ሳይይዙ፣ ግድግዳውንም ሳይደገፉ ወደ በርሜሉ ሄዱ። ውሃ ቀድተው ተመለሱ። ከሪያድ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልተሰማም።

«አባ፣ አያንሸራትትም?»

«አያንሸራትትም ልጄ። አላህ በሰላም ያምጣሽ።»

በኅዳር የመጀመሪያው ማሾ እዚያው ላይ ተሰጣ።